ያለ መሐላ የሚሰጥ ምስክርነት

ሰው ከሰው ጋራ ተባብሮ ሊኖር የሚችለው የባልንጀራውን ቃል ሲያምን ነው። ሸማቹ የነጋዴውን ሚዛን፣ መንገደኛው የመሪውን ጥቆማ፣ በሽተኛው የሐኪሙን ትእዛዝ በገዛ እጄ ካልመረመርሁ አልቀበልም ያለ እንደ ሆነ ገበያም ጉዞም ፈውስም በአንድ ቀን ይቆማሉ። ስለዚህ መተማመን የማኅበራዊ ኑሮ መሠረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ይህንኑ ጠንቅቀው የሚያውቁት አበው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ብለው አስጠንቅቀውናል። ፈረሱ የጣለው ጋላቢው ስላመነው ብቻ አይደለም፤ አመንሁት ብሎ ልጓሙን ስለ ለቀቀ ነው። ካላመንን መኖር አንችልም፤ አምነን ዓይናችንን የጨፈንን እንደ ሆነ ደግሞ እንወድቃለን። እንግዲህ የማመን ልኩ የት ላይ ነው? አንድ ሰው «እዚህ ነኝ» ብሎ ሲነግረን ቃሉን እስከ ምን ድረስ ልንቀበለው ይገባል? እርሱስ እውነቱን መናገር ሕይወቱን የሚያሠጋው ቢሆን የመናገር ግዴታ አለበትን? ይህን የቆየ ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መርከቦች በባሕር ላይ ስፍራቸውን በሚያውቁበትና በሚያስታውቁበት መሣሪያ አማካይነት ነው።

ስለ መርከብ መነጋገር ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዋሽ እንኳ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ የቆቃን፣ የወንጂንና የመተሐራን ሜዳ ካጠጣ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አገራችንም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ነገር ግን ወንዙ ወደ ባሕር ባይደርስም ባሕሩ የተሸከመው ዕቃ ወደ እኛ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ከውጭ አገር ጋራ ከምታደርገው ንግድ ከዐሥር ዘጠኙ እጅ የሚያህለው የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከዚያ ከሚነሣው ኮንቴይነርም አብዛኛው የሚራገፈው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ፣ እንዲሁም የከባድ መኪናዎቹ አውራ ጎዳና፣ ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ በኩል ያልፋሉ። የአዳማ ባለሱቅ በመደርደሪያው የደረደረው ዕቃ፣ የመቂ ገበሬ በማሳው የሚበትነው ማዳበሪያ፣ የሻሸመኔ መድኃኒት ቤት የሚሸጠው መድኃኒት ብዙው አስቀድሞ በመርከብ ላይ የነበረ ነው።

ከዚህም በላይ ባሕርና መርከብ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደሉም። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደቡ ከቀረ በኋላም መርከቦቹ ጉዞአቸውን አላቋረጡም። ለመርከቦቹም ሸበሌ፣ ጊቤ፣ አሶሳ፣ ጅጅጋ የሚሉ የወንዞቻችንና የከተሞቻችን ስሞች ተሰጥተዋቸዋል። በቢሾፍቱም በባቦጋያ ስም የሚጠራ የመርከብና የሎጂስቲክስ ትምህርት የሚሰጥበት አካዳሚ ተቋቁሞ የደጋና የቆላ ልጆች የመርከበኛነት ሙያ ተምረውበታል። እንዲያውም ባሕሩን በዓይኑ የማያይ ሕዝብ ስለ ባሕር መሣሪያዎች ታማኝነት ይበልጥ ሊያስብ ይገባዋል እንላለን። ለምን ቢሉ፣ በወደብ ዳር የሚኖር ሰው መርከቢቱ መግባትዋን በመስኮቱ አይቶ ይረዳል፤ የሞጆና የአዳማ ሰው ግን መርከቢቱ የት እንደ ደረሰች የሚያውቀው ከሌላ በሚነገረው ቃል ብቻ ነው።

ይህ ቃል እንዴት እንደሚነገር በአጭሩ እናስረዳ። በመርከቦች ላይ ኤ.አይ.ኤስ. የሚባል መሣሪያ ይገኛል። ይህ መሣሪያ የመርከቢቱን መለያ ቍጥር፣ ስሟን፣ ያለችበትን ስፍራ፣ የፍጥነትዋን ልክና የምትሄድበትን አቅጣጫ በሬዲዮ ሞገድ ያሰማል፤ መርከቢቱ በጉዞ ላይ ስትሆን በየጥቂት ሴኮንዱ፣ መልሕቅ ጥላ ስትቆም ደግሞ በየሦስት ደቂቃው ይናገራል። በዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት በአገሮች መካከል የሚመላለሱ ከ300 ቶን መጠን ጀምሮ ያሉ መርከቦችና መንገደኛ የሚያጓጉዙ መርከቦች ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ድረስ ይህን መሣሪያ እንዲይዙ ተወስኖ ነበር። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ በጭጋግና በጨለማ የሚሄዱ ሁለት መርከቦች እንዳይጋጩ እያንዳንዳቸው «እኔ እገሌ ነኝ፤ እዚህ ነኝ፤ ወዲያ እሄዳለሁ» እንዲባባሉ ለማድረግ ነው። ቃሉ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ በየወደቡ ያለ ጣቢያ ይሰማዋል፤ በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶችም እየሰበሰቡ በሩቅ አገር ላለ ነጋዴ ሳይቀር ያደርሱለታል።

ነገር ግን መሣሪያው ሲሠራ የተናጋሪው ማንነት የሚረጋገጥበት ማኅተም አልተደረገለትም። መርከቢቱ እገሌ ነኝ ካለች ሰሚው እገሌ ናት ብሎ ይቀበላል። ስምዋንና መድረሻዋን በእጅ የሚጽፈው ሰው የወደደውን ቢጽፍ የሚከለክለው የለም፤ በየብስ የተቀመጠ ሰው በሬዲዮ ማሰራጫ የሌለች መርከብ ፈጥሮ በባሕር ላይ ቢያስሄዳትም መስማቱን የሚተው ተቀባይ አልነበረም። ስፍራዋን ለመርከቢቱ የሚነግራት ጂ.ፒ.ኤስ.ም ቢሆን ከዚህ ድካም ነጻ አይደለም። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚዞሩ ምልክታቸው ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ስለዚህ በቅርብ የተቀመጠ ኃይለኛ የሬዲዮ ማሰራጫ ምልክቱን ሊያፍነው ይችላል፤ ብልሃተኛ ከሆነ ደግሞ የሳተላይቱን ድምፅ አስመስሎ ሐሰተኛ ስፍራ ይነግረዋል። ከሁለቱ የሚብሰው ኋለኛው ነው። የታፈነ መሣሪያ ጠፋብኝ ብሎ ይጮኻል፤ የተታለለ መሣሪያ ግን በእርጋታ ይዋሻል።

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በሰኔ 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቶድ ሃምፍሬስና ተማሪዎቻቸው በባለቤቶቹ ፈቃድ አንዲትን የመዝናኛ መርከብ በሜዲቴራኒያን ባሕር ላይ በሐሰተኛ ምልክት ከመንገድዋ አስወጥተዋታል፤ በመርከቢቱ ላይ የማስጠንቀቂያ ደወል አልተሰማም። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በጥቁር ባሕር በኖቮሮሲይስክ አጠገብ የነበሩ ከ20 የማያንሱ መርከቦች መሣሪያቸው በየብስ ላይ በሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳሉ ነግሮአቸዋል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝና አንድ የሆላንድ የጦር መርከብ በኦዴሳ ወደብ ታስረው ሳሉ በኤ.አይ.ኤስ. መዝገብ ግን ወደ ሴቫስቶፖል ወደብ አፍ ተጠግተው ታይተዋል። ውሸቱ የተገለጠው በኦዴሳ ወደብ የተተከሉ ካሜራዎች መርከቦቹን በቦታቸው ቆመው ስላሳዩ ነው። ያ የሐሰት ምስክርነት ሁለተኛ ምስክር ባይኖርበት ኖሮ ለጦር መነሻ ምክንያት ሊሆን ይችል እንደ ነበር አንባቢ ያስተውል።

ወደ እኛ በር ወደ ቀይ ባሕር ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሑቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከያዙና በሌሎችም ላይ መተኰስ ከጀመሩ ወዲህ፣ ብዙ መርከቦች በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድን መረጡ። በባብ ኤል መንደብ ማለፍ ግድ ከሆነባቸው መካከል አንዳንዶቹ ስፍራቸውን የሚናገረውን መሣሪያ አጠፉ። ሌሎቹም መድረሻ በሚጻፍበት ስፍራ «የታጠቁ ዘበኞች አሉን»፣ «ከእስራኤል ጋራ ግንኙነት የለንም»፣ «መርከበኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» የሚሉ ቃላት ጻፉ። እንዳይጋጩ የተሠራው መሣሪያ የልመና ደብዳቤ መጻፊያ ሆነ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኤም.ኤስ.ሲ. አንቶኒያ የተባለችው ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በጅዳ አቅራቢያ ከመሬት ጋራ ተጣብቃ ቀርታለች፤ የባሕር ጉዞ ተመልካቾችም ምክንያቱ የጂ.ፒ.ኤስ. ምልክት መታወክ መሆኑን ተናግረዋል። ከሰሜን በኩል ጅቡቲ ለመግባት የሚመጡ መርከቦች የሚያልፉት በዚሁ ባሕር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንግባ። በመጀመሪያ፣ ለሕይወቱ ፈርቶ ዝም ያለውንና ለጥቅሙ ሲል የዋሸውን አንድ አድርገን ልንፈርድባቸው አይገባም። ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት ራሱ፣ ካፒቴኑ መሣሪያው መሥራቱ ለመርከቢቱ አደጋ ያመጣል ብሎ ባመነ ጊዜ ሊያጠፋው እንደሚችል በመመሪያው ፈቅዶአል። ይህ ፍትሐዊ ነው። በጫካ ወንበዴ እንዳለ የሚያውቅ መንገደኛ ፋኖሱን ቢያጠፋ ማንም አይወቅሰውም። ሆኖም ፋኖሱን ያጠፋ መንገደኛ ከሌላ መንገደኛ ጋራ እንዳይጋጭ ቀስ ብሎ የመሄድና ጆሮውን የማቅናት ዕዳ ይወድቅበታል። ዝም ያለች መርከብም እንዲሁ ጠባቂ ማብዛት፣ ከአደጋው ስፍራ እንዳለፈችም ወዲያውኑ ቃልዋን መመለስ ይገባታል። ዝምታ መብት የሚሆነው ዕዳውን የከፈሉለት እንደ ሆነ ነው።

ውሸት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዝም ያለ ሰው ሌላውን ሳያውቅ ያስቀረዋል፤ የዋሸ ሰው ግን ሌላውን በገዛ ትጋቱ ያጠምደዋል። መሣሪያውን በትጋት የሚመለከተው መርከበኛ ከሰነፉ ይልቅ ይታለላል ማለት ነው። ማዕቀብ የተጣለበትን ነዳጅ ጭነው ሳለ በሌላ ባሕር ላይ ነን የሚሉ መርከቦች እንዳሉ በየጊዜው ተገልጦአል። እነዚህ የሚያታልሉት ሕግ አስከባሪውን ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት በዚያው ስፍራ የሚያልፈውን ንጹሕ መርከበኛም ያታልላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ገዳይ በሩን አንኳኵቶ የተሸሸገውን ሰው የት ነው ቢል፣ የለም ብሎ መዋሸት ኃጢአት ነውን? መርከበኛውስ ለገዳዩ ሐሰተኛ ስፍራ ቢነግር ስለ ምን ይነቀፋል?» የሚል ነው። እኛም ገዳዩን ብቻ የሚያስት ቃል የሰው ሕይወት ለማዳን ቢነገር ተናጋሪውን ለመኰነን አንደፍርም። ነገር ግን በዚህ መሣሪያ ሹክሹክታ የለም። ለገዳዩ የተነገረው ቃል በዚያው ቅጽበት ዓሣ አጥማጁም፣ የነዳጅ መርከቡም፣ ተጓዦችን ያሳፈረውም ጀልባ ይሰማዋል። በሩ ላይ ለቆመው ገዳይ የሚነገር ውሸትና ከገበያ መካከል ቆሞ ለሕዝብ ሁሉ የሚታወጅ ውሸት አንድ አይደሉም። ስለዚህ የጋራ በሆነ የቃል መንገድ ላይ ሐሰት የሚጥል ሰው ከጋራ ጕድጓድ ውሃ ላይ መርዝ እንደሚጥል ሰው ይቈጠራል፤ ጠላቱ ከዚያ ጕድጓድ መጠጣቱ ይቅርታ አያሰጠውም። መሸሸግ የግድ የሆነበት ሰው ዝም ይበል እንጂ አይዋሽ የምንለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለከተው ሰሚውን ነው። ይህን ለመመርመር ወደ አገራችን የቀድሞ ሥርዓት መለስ ማለት ይጠቅማል። በድሮ ዘመን የተሰረቀ ዕቃ የሚፈለግበት ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከገባበት ቤት የተገኘ ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ልጁን ማን ጠየቀው? ተከሳሹስ ምን ብሎ ሊከራከረው ይችል ነበር? ልጁ ጠላት ስለ ሌለው አይዋሽም ይባል ነበር፤ መድኃኒቱን ማን እንደ ቀመመውና ገመዱን ማን እንደ ያዘው ግን የሚመረምር አልነበረም። ከዚህ ሌላ ደግሞ አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። የአገሩ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ማን ምን እንዳየ፣ ማን ከየት እንደ መጣ እርስ በርሱ እየተጠያየቀ ወንጀለኛውን ያወጣል። አውጫጭኝም ሕዝብን ከሥራው እያስፈታ የሚያንገላታ፣ ጉድለት ያለበት ነበር። ይሁን እንጂ በአሳቡ ከሌባ ሻይ የላቀ ነው፤ አንዱ የሚያምነው ሊጠየቅ የማይችል አንድ ጠቋሚን ሲሆን፣ ሌላው የሚያምነው እርስ በርሳቸው የሚተራረሙ ብዙ ምስክሮችን ነው።

ዛሬ በመርከብ ድልድይ ላይ ቆሞ በብርሃን መስታወት ላይ የምትታየውን አንዲት ነጥብ ብቻ የሚከተል መርከበኛ ሳያውቀው ወደ ሌባ ሻይ ተመልሶአል። ባሕሩን በራዳር የሚመለከት፣ የውሃውን ጥልቀት የሚለካ፣ የባሕር መብራቱንና የተራራውን ጫፍ በዓይኑ የሚያስተያይ፣ ሌሊትም ከዋክብትን በሴክስታንት የሚለካ መርከበኛ ግን አውጫጭኝ ተቀምጦአል ማለት ነው። ራዳሩ በየብስ አጠገብ ነህ፣ ጂ.ፒ.ኤስ. በባሕር መካከል ነህ ቢሉት ከሁለቱ አንዱ እንደ ዋሸ ያውቃል፤ ማወቁም ያድነዋል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ከብዙ ዓመታት በፊት ትቶት የነበረውን በከዋክብት የመጓዝ ትምህርት በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ለተማሪዎቹ ማስተማር የጀመረው ይህን ምስክር ላለማጣት ነው። ኮከብን አፍኖ ሌላ ኮከብ አስመስሎ ማብራት የቻለ ጠላት እስካሁን አልተነሣም።

ይህ ፍርድ በባሕር ብቻ የሚቀር አይደለም። ከጅቡቲ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ በሚመጡ ከባድ መኪናዎችና የነዳጅ ቦቴዎች ላይም ስፍራቸውን የሚናገር መሣሪያ ይተከላል፤ ጉምሩክም የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ይጠቀማል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጭነት እንዳይሰረቅና ነዳጅ እንዳይሸሽ ይከላከላል። ነገር ግን ይኸው መሣሪያ የሚታመነው በዚያው በደከመ የሳተላይት ምልክት ነው። አንድ ነጂ በአዋሽና በመተሐራ መካከል ከመንገድ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ቆሞአል ብላ ነጥቢቱ ብትመሰክርበትና የስምሪት ሹሙ ያለ ምንም ጥያቄ ደመወዙን ቢቀጣው፣ ያ ነጂ ከሌባ ሻይ ዘመን ሰው በምን ይሻላል? ረዳቱ አለ፤ የኬላው መዝገብ አለ፤ ነዳጅ የቀዳበት ደረሰኝ አለ፤ ምሳ የበላበት ቤት ባለቤት አለ። እነዚህ ሳይጠየቁ የተፈረደ ፍርድ መሣሪያው እውነት ተናግሮ እንኳ ቢሆን ፍርድ አይባልም። እንዲሁም በተቃራኒው ነጥቢቱ ትክክል ናት ብሎ ማኅተሙን በዓይኑ ሳያይ ጭነት የሚቀበል ሰው ሌባውን ራሱ ጋብዞታል።

«ሁሉን የምንጠራጠር ከሆነ መተማመን ይጠፋል፤ ሥራም ይጓተታል» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን መመርመርና መጠራጠር አንድ ናቸው አንልም። ተጠራጣሪ ሰው አስቀድሞ ባልንጀራውን ሐሰተኛ አድርጎ ፈርዶበታል፤ መርማሪው ግን ባልንጀራው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይበት ዕድል ይሰጠዋል። በሕገ ኦሪትም ነገር ከአንድ በሚበልጡ ምስክሮች እንዲጸና የታዘዘው ምስክሮች ሁሉ ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ እውነተኛውም ከሐሰተኛው የሚለይበት ሌላ መንገድ ስለ ሌለው ነው። የማይመረመር ቃል ለሐሰተኛው እንጂ ለእውነተኛው አይጠቅምም።

የኤ.አይ.ኤስ.ን ሠሪዎችም ሞኞች ነበሩ ብለን አንነቅፋቸውም። ሰው በማዕበል ላይ ሳለ ስለ መንገዱ ይዋሻል ብለው ያሰቡ አይመስልም። የሠሩት ለደግ ሰዎች ማኅበር የሚሆን መሣሪያ ነበረ። ጉድለቱ፣ ደግነት ጠባቂ እንደሚያስፈልገው መዘንጋታቸው ነው። ዛሬ ጉድለቱን ለማቃናት ይሞከራል፤ ጋሊሌዎ የተባለው የአውሮፓ የሳተላይት ሥርዓትም ምልክቱ ከእርሱ መምጣቱ የሚታወቅበት ማኅተም መስጠት ጀምሮአል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም ማኅተም የሚያረጋግጠው ቃሉ ከማን እንደ መጣ እንጂ ተናጋሪው እውነተኛ መሆኑን አይደለም፤ የታፈነንም ድምፅ አያሰማም። በማኅተም የተዘጋ ሐሰት በዓለም ላይ ሞልቶአል።

ስለዚህ ትልቁ መድኃኒት በሰው ዘንድ ይቀራል። ባሕሩን ለማየት ያልታደሉት የስምጥ ሸለቆ ልጆች በመርከበኛነት ትምህርት ሲሠለጥኑ መሣሪያውን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን መጠየቅም ይማሩ። በየደረቅ ወደቡና በየስምሪቱ ክፍል የሚቀመጡ ሹማምንትም አንዲት ነጥብ ዕንጀራ እንድትቆርጥ አይፍቀዱ። «እዚህ ነኝ» የሚል ቃል ከሰው ወይም ከብረት ሲመጣልን በአክብሮት እንስማው፤ ሁለተኛውንም ምስክር እንጥራ። እኛም በተራችን ስፍራችንን ስንጠየቅ ቃላችን በጨለማ የሚጓዝ የማናውቀው ሰው መንገድ መሆኑን አንርሳ። ልጓሙን ያልለቀቀ ጋላቢ ፈረሱን አላመነም አይባልም፤ አብረው ከደረሱ በኋላ ፈረሱንም ጋላቢውንም የሚያስመሰግናቸው ያ ልጓም ነው።